በኦጁሉ አፍ የዋሸሁት

ይህን ነገር እስካለፈው ዓመት ድረስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም፣ ለባለቤቴም አልነገርኩትም። በየዓመቱ ከፋሲካ በፊት የንስሐ አባቴ ፊት ቆሜ ጾም ገደፍኩ፣ ሰው አማሁ፣ ተቆጣሁ እያልኩ ትንንሹን ከዘረዘርኩ በኋላ እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰር ነበር። "ሌላ የለም አባ" ብዬ እወጣ ነበር። ሌላ ነበር። አሁን ለእናንተ ለማታውቁኝ ሰዎች ልናገረው ነው፤ እነሆ ስጀምረውም እንደ ፈራሁት ሆኖ አላገኘሁትም።

የተወለድኩት ጎሬ ነው። ጋምቤላ የወረድኩት ለገጠር ወጣቶች የሕይወት ክህሎት የሚያስተምር አንድ ፕሮግራም ሰው ይፈልጋል ሲባል ሰምቼ ነው። ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሥራዬ ከኢታንግ ወዲያ ባሮ ወንዝ ዳር ወዳለች አንዲት የአኙዋክ ቀበሌ በሳምንት ሁለት ቀን እየሄድኩ ትምህርት ያቋረጡ ወጣቶችን ማስተማር ነበር። ራስን ማወቅ፣ ሐሳብን ሳይፈሩ መግለጽ፣ ሳይጣሉ መከራከር፣ አስቦ መወሰን፣ ለማይሆን ነገር እምቢ ማለት፤ እነዚህን ነው የማስተምረው። ክፍላችን የማንጎ ጥላ ነበር። ፍሊፕ ቻርቱን ግንዱ ላይ በገመድ አስራለሁ፣ እነሱ ሰሌን ላይ ይቀመጣሉ። አሥራ ስምንት ነበሩ።

ቋንቋቸውን አላውቅም ነበር። ያለ ኦጁሉ እዚያ ዛፍ ሥር ከቆመ እንጨት አልሻልም። ኦጁሉ የዚያችው ቀበሌ ሰው ነው፤ ያኔ ወደ አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ የአራት ልጆች አባት፣ የቤተክርስቲያናቸው ሽማግሌ። አማርኛውን የተማረው በወጣትነቱ ጤና ጣቢያ ዘበኛ ሆኖ ሲሠራ ነው። "እርስዎ" የሚባል ነገር አያውቅም፤ አለቃዬንም አንተ፣ እኔንም አንቺ ይላል። እኔም ጋሽ ኦጁሉ እያልኩ አንተ እለው ነበር፣ እንደዚያው ለመድን።

አንድ ጠባይ ነበረው። ቃል አይጨምርም፣ ቃል አይቀንስም። አንድ ቀን ወጣቶቹ አርፍደው ሲመጡ ተናድጄ የማይገባ ቁጣ ተቆጣኋቸው፤ እሱም አንዷን ሳያስቀር አስተረጎመላቸው። በኋላ ሳፍር ጊዜ፣ ለምን ትንሽ አላለዘብክልኝም አልኩት። እሱም፣ አፌን አዋስኩሽ እንጂ ቃሉ ያንቺ ነው አለኝ። ሳቅኩ። የሚያስቅ ነገር መስሎኝ ነበር።

ከወጣቶቹ መካከል አሪየት የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጠችው። ዝምተኛ ናት፣ ግን ሁሉን ነገር ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። "ከባድ ውሳኔ" የሚለውን ርዕስ በተማርንበት ቀን፣ ከእናንተ መካከል መወሰን አቅቶት የተጨነቀ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ከዚያ በፊት ግን ፍሊፕ ቻርቱ ላይ በትልቁ "እዚህ የተባለ እዚህ ይቀራል" ብዬ ጽፌ፣ ሁላቸውም እጃቸውን አንስተው እንዲስማሙ አድርጌ ነበር። እኔም እጄን አንስቻለሁ። ይህን ልብ በሉልኝ። እኔም አንስቻለሁ።

አሪየት ተነሳች። ታላቅ ወንድሟ ጁባ ሄዶ ግንባታ ላይ ይሠራ ነበር፤ ለእናቱ የሚልከው መልእክት በአሪየት ስልክ ይመጣል፣ እሷ ታነብላቸዋለች። ከስምንት ወር በፊት ጓደኛው ደውሎ፣ ወንድምሽ ታሞ ሞተ አላት። እናቷ በዚያው ሳምንት ከሆስፒታል የወጡ የልብ ሕመምተኛ ነበሩ። ትንሽ ይጠንክሩ ብላ ዝም አለች። በሳምንቱ እናቷ፣ ልጄ ምን አለ ብለው ሲጠይቋት ስልኳን ከፍታ፣ ደህና ነኝ ብሏል አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ አዲስ መልእክት ስትፈጥር ኖረች። እናቷ ይስቃሉ፣ ይመርቁታል፣ መልስ ጻፊልኝ ይሏታል፤ እሷም እየጻፈች ለሞተ ሰው ትልካለች። "አሁን እንዴት ብዬ ልንገራት?" አለች። ኦጁሉ ይህን ሲያስተረጉምልኝ ድምፁ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ።

ያን ቀን የሆነው ነገር እስከ ዛሬ ያስገርመኛል። እኔ ፍሊፕ ቻርቱን እያገላበጥኩ ቆምኩ። ወጣቶቹ ግን እርስ በርስ ተመካከሩ። በቆሎው እስኪሰበሰብ እንጠብቅ፣ ከዚያ የእናትየው እህት ትጠራ፣ ፓስተሩም ይምጣ፣ በቤቷ፣ በወገኗ መካከል መርዶው ይነገራት ተባባሉ። አንዱ ውሃ ይቀዳል፣ ሌላው ለዘመድ ይልካል፤ ሥራውን ሁሉ ተከፋፈሉ። የአሪየት ትከሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘና ሲል አየሁ። እኔ ያስተማርኩትን ከእኔ አብልጠው አወቁት። ለዚህ ነው የተኩራራሁት? ለዚህ ነው አፌን መያዝ ያቃተኝ?

በዐሥረኛው ቀን ጋምቤላ ከተማ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የፕሮግራማችን ግምገማ ነበር። ከአዲስ አበባ እንግዶች መጥተዋል። የሌሎቹ ቀበሌዎች አሰልጣኞች እየተነሱ ስንት ወጣት እንደተመዘገበ ይናገራሉ፣ እንግዶቹ ስልካቸውን ይነካካሉ። አለቃዬ ወደ እኔ ዞሮ፣ አንድ ልብ የሚነካ ታሪክ የለሽም ወይ አለኝ። ነበረኝ። ተነስቼ ተናገርኩ። ስሟን አልጠራሁም፤ ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ መሰላችሁ፣ ስሟን አልጠራሁም። ቀበሌዋን ግን ጠራሁ። ዕድሜዋን ተናገርኩ። ጁባ የሞተውን ወንድም፣ የእናቲቱን የልብ ሕመም፣ ልጅቷ የፈጠረቻቸውን መልእክቶች ሁሉ ተናገርኩ። እንግዶቹ ስልካቸውን አስቀመጡ። አንዲት ሴትዮ እንባዋን ጠረገች። ተጨበጨበልኝ። እኔም ደስ አለኝ። ደስ እንዳለኝ ሳልናገር ካለፍኩ ይህ ኑዛዜ ግማሽ ነው፤ በጣም ደስ አለኝ።

ከዚያ በአራተኛው ቀን የአሪየት እናት ኢታንግ ገበያ ሄደው ዓሣ ሲገዙ አንዲት የሩቅ ዘመድ አገኘቻቸው። እስከዚያ ድረስ መርዶው የተነገራቸው መስሏት፣ እግዚአብሔር ያጽናናሽ፣ ልጅሽን በሰው አገር ማጣትሽ ብላ እጃቸውን ያዘች። እናትየው ዓሣውን እንደያዙ እዚያው አፈር ላይ ተቀመጡ። ልጃቸው መሞቱን በዚያ ጫጫታ መሃል፣ ሚዛንና ጆንያ መካከል ሰሙ። ቤታቸው ሲመለሱ አሪየትን አላለቀሱባትም፣ አልተቆጧትምም፤ ልብሳቸውን ጠቅልለው እህታቸው ዘንድ ሄዱ። አንድ ዓመት ሊሞላ እስኪቃረብ ድረስ ከልጃቸው ጋር ቃል አልተለዋወጡም።

ዘመዲቱ ወሬውን ከባሏ ነው የሰማችው፤ ባሏ በግምገማው ቀን ተጋብዞ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። በኋላ፣ ያን የተናገርሽውን ለባለቤቴ ብነግራት አለቀሰች ብሎ አመስግኖኛል። እኔ ግን ሳይነግረኝም፣ የገበያውን ነገር በሰማሁበት ደቂቃ ከማን አፍ እንደወጣ አውቄያለሁ።

በማግስቱ ቀበሌዋ ስደርስ ማንጎው ሥር የጠበቁኝ ወጣቶቹ ብቻ አልነበሩም። ሽማግሌዎች በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ አሪየት ጥግ ላይ አንገቷን ደፍታለች። ብዙ ተነጋገሩ። ድምፃቸው ከፍ ሲል ኦጁሉ ማስተርጎሙን አቋርጦ መሬት መሬት አየ። ከዚያ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው በእጃቸው ወደ እኔ ጠቆሙና አንድ ነገር አሉት። ኦጁሉ ወደ እኔ ዞረ።

"እንዲህ ይላሉ" አለኝ። "ልጆቹ ሁሉ አልተናገርንም ብለው ምለዋል። ቲቸር ቋንቋችንን አታውቅም፣ ዘመድ የላትም፣ ለማን ትናገራለች? ኦጁሉ ግን በዚያ ሳምንት ልጁን ለማሳከም ከተማ ገብቶ ነበር። ወሬውም ከከተማ ነው የመጣው፤ ዘመዲቱ ከዚህ ሌላ አልነገረችንም። ስለዚህ የተናገረው ኦጁሉ ነው። ቲቸር፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ይላሉ።"

አስተውሉ፤ የተከሰሰበትን ክስ ራሱ ነው ያስተረጎመልኝ። ቃል አልጨመረም፣ ቃል አልቀነሰም፣ "እኔ አልተናገርኩም" የምትል አንዲት ቃል እንኳ በመሃል አልሰነቀረም። ፊቴን እያየ ቆመ። ያን ጊዜ፣ እኔ ነኝ ብል ምን ይመጣ ነበር? ያባርሩኝ ነበር? ይሰድቡኝ ነበር? ምናልባት ሥራዬን አጣ ነበር። አሥራ ስምንቱ ወጣቶች እጄን ሳነሳ አይተውኛል፤ እነሱ ፊት መዋረዱን ፈራሁ።

"እኔ የማውቀው ነገር የለም" አልኩ።

ኦጁሉ ዓይኑን ከፊቴ ላይ አነሳ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ ያልኩትን አስተረጎመላቸው። በትክክል። እኔ የዋሸሁትን ውሸት በገዛ አፉ፣ በገዛ ቋንቋው፣ በገዛ ወገኖቹ ፊት ተናገረልኝ፤ ሲናገረውም የፈረደው በራሱ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በፍጥነት ሄደ። ቢሮው ሌላ አስተርጓሚ ቀጠረልኝ። ኦጁሉ ከቤተክርስቲያን ሽምግልናው ወረደ፤ ማንም አልሰደበውም፣ ግን እሱ ሲመጣ ሰው ወሬውን ያቋርጥ ጀመር። ሚስጥር የማይቋጥር ሰው የተባለ ሰው በዚያች ቀበሌ ምን ሆኖ ይኖራል? በስድስት ወሩ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ጋምቤላ ከተማ ገባ ሲባል ሰማሁ። እኔ በዓመቱ አስተባባሪ ተደረግኩ።

ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ባጃጅ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች በአኙዋክ ቋንቋ ሲያወሩ ስለ እኔ የሚያወሩ ይመስለኛል። ገበያ ውስጥ ኦጁሉን የመሰለ ረጅም ሰው ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ። አሰልጣኞችን ሳሰለጥን "መተማመን" የሚለው ርዕስ ላይ ስደርስ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ። ሰዎች ትሑት ነሽ ይሉኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ለስብሰባ ወደ አዲስ አበባ ልበር አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ፣ ሻንጣዬን ከመኪናው ላይ ለማውረድ እጁን የዘረጋው ኦጁሉ ነበር። ሸብቷል። እዚያ ዕቃ ጫኝ ሆኖ ይሠራል። "ቲቸር፣ ደህና ነሽ?" አለኝ፤ ልጆች ወልጄ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ሻንጣዬን እስከ መግቢያው አደረሰልኝ። እኔ ምን አደረግኩ? አመሰግናለሁ ብዬ ገባሁ። በረርኩም። ስብሰባውን ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ምን እንደተባለ አንድም አላስታውስም።

ስመለስ ከአውሮፕላኑ ወርጄ ፈለግኩት። ከግቢው ውጪ ዛፍ ሥር ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ነበር፤ ለብቻህ ላነጋግርህ አልኩት። ተነስቶ መጣ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፤ አዳራሹን፣ ጭብጨባውን፣ ማን እንደሰማ፣ ለማን እንደተናገረ። ሳላቋርጥ ተናገርኩ። ሲያዳምጠኝ ፊቱ አልተለወጠም።

"ይህን እኔ አውቃለሁ" አለኝ። "እኔ ካልተናገርኩ፣ ልጆቹ ካልተናገሩ፣ ማን ቀረ?"

"ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አልክ ጋሽ ኦጁሉ?"

"አስተርጓሚ ነበርኩ። የራሴን ቃል አስገብቼ አላውቅም።" ትንሽ አሰበና ጨመረ። "ደግሞ አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅኩ። ሁለት ዓመት ጠበቅኩሽ። ከዚያ ተውኩት።"

ማልቀስ ጀመርኩ። አላባበለኝም። ለእኔ መናገርሽ ምን ይጠቅማል፣ እኔ የማውቀውን ነው፤ ለማያውቁት ንገሪ አለኝ። አብረኸኝ ሂድና አስተርጉምልኝ ስለው ግን ራሱን ነቀነቀ። "እመጣለሁ። ግን በዚህ ነገር አፌን አላውስሽም። ለራሴ የሚጠቅም ቃል ከአፌ ቢወጣ ማን ያምነኛል?"

በሳምንቱ ቅዳሜ አብረን ሄድን። መንገዱን ሁሉ ስለ ልጆቹ ትምህርት አወራኝ። ማንጎው ሥር ሌላ ፍሊፕ ቻርት ታስሮ፣ ሌሎች ወጣቶች ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል፤ የምታስተምራቸው አሪየት ናት። ፕሮግራማችን ከዚያች ቀበሌ ከወጣ ቆይቷል፤ እሷ ግን ቡድኑን አልበተነችውም፣ በራሳቸው ቋንቋ ቀጠለችው። አማርኛዋ ከእኔ እኩል ሆኗል። የመጣሁበትን ለብቻዋ ነገርኳት። ትክ ብላ አየችኝ። እኔን ወደ ኋላ ትታ ወጣቶቹን አሰናበተች፣ ሽማግሌዎቹን አስጠራች፣ እናቷንም ከቤት ይዛቸው መጣች። ከእናቷ ጋር ታርቀዋል፤ እጃቸውን ይዛ ነበር የመጣችው።

"እኔ አስተረጉማለሁ" አለች።

ተነስቼ ተናገርኩ። "የተናገርኩት እኔ ነኝ" አልኩ፣ አሪየት አስተረጎመች። "ኦጁሉ አልተናገረም። ስትጠይቁኝ የማውቀው የለም ያልኩት ውሸት ነው" አልኩ፣ አሪየት አስተረጎመች። እሷም እንደሱ ቃል አልቀነሰችም። ኦጁሉ ከኋላ ቆሞ ወንዙን ወንዙን ያያል። ያን ቀን የከሰሱት ሽማግሌ በጣም አርጅተዋል። በዱላቸው ተደግፈው ተነሱ፣ ቀስ ብለው ኦጁሉ ዘንድ ሄዱ፣ ክንዱን ይዘው አምጥተው ራሳቸው ተቀምጠውበት የነበረው በርጩማ ላይ አስቀመጡት። እሳቸው ቆመው ቀሩ። ሌላ ሰው በርጩማ ሊያቀርብላቸው ሲል በእጃቸው ከለከሉት።

ከዚያ የአሪየት እናት ተናገሩ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። አሪየት ወደ እኔ ዞረች።

"ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ስትናገሪ የልጄን ስም ታውቂ ነበር? ትላለች።"

አላውቅም ነበር። ያንን ሁሉ ሰው ያስለቀስኩበት፣ የተጨበጨበልኝ፣ በሰው አገር የሞተው ልጅ ስም ማን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር። አላውቅም አልኩ። እናትየው ግን ወደ እኔ ጠጋ አሉና "ኦቻን" አሉኝ። ደገምኩት። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እንደዚያ አይደለም ማለታቸው ነው፤ እንደገና አሉት። እንደገና ደገምኩት። በአራተኛው ጊዜ አንዱ ሽማግሌ ሳቀ፣ አሪየት ሳቀች፣ እናትየውም በእንባቸው መሃል ፈገግ አሉ። በስድስተኛው ይሁን በሰባተኛው ተስተካከለልኝ። ያን ጊዜ እጄን ያዙኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም። እጄን ግን ቶሎ አልለቀቁትም።

ስንመለስ ኦጁሉ፣ ልጆቼ ከተማ ስለሚማሩ ተመልሼ አልኖርም፣ ግን እሑድ እሑድ ለቤተክርስቲያን እመጣለሁ አለኝ። እየሄደም ነው። እኔ ለቢሮው ሁሉንም ጽፌ አስገባሁ። አለቃዬ ያለፈ ነገር አታንሺ ብሎኝ ነበር፤ ከጻፍኩት በኋላ ከአስተባባሪነቴ ተነሳሁ። አሁን ከተማ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ለባለቤቴ ነግሬዋለሁ፤ ለንስሐ አባቴም ነግሬያቸዋለሁ፣ ያዘዙኝን ቀኖና ጨርሻለሁ። ባጃጅ ውስጥ ከኋላዬ ሲያወሩ አሁን ጆሮዬን ጣል አደርጋለሁ፤ ቋንቋውን መማር ስለጀመርኩ አንዳንዱ ይገባኛል። የሚያወሩት ስለ በቆሎ ዋጋ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ልጆቻቸው ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ እሱን ነበር ስፈራ የኖርኩት።

ልጅ ነበርኩ፣ አለቃዬ ጠየቀኝ፣ ስሟን አልጠራሁም፣ ሰውየው ለሚስቱ ባይነግር ኖሮ ልል እችላለሁ። ሁሉም እውነት ነው፤ አንዱም ግን አይረዳኝም። ቀልሎኛል፣ አልዋሻችሁም፤ ሸክሙ ግን በመቅለሉ የሌላ ሰው አልሆነም። የተናገርኩት እኔ ነኝ። መናገር ሲገባኝ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ።